የመጋረጃ ሻጭ የሸጠልኝ የአደን ጃኬት

አይ፣ አይ፣ አይ፣ ናቲ፣ እዚህ ጋ ቁም! «ሻጭ ምን ያድርግ፣ መጠንቀቅ ያለበት ገዢው ነው» ያልከው ነገር አልዋጥልኝ ብሏል። ቮይስህን ሁለቴ ሰማሁት፣ ሁለቴም ደሜ ፈላ። በጽሑፍ ልመልስልህ ሞክሬ ነበር፣ ጣቴ ከንዴቴ እኩል መሮጥ አቃተው። ስለዚህ ስማኝ። ርዝመቱን አይተህ እንዳትዘለው። አፍጥነህም እንዳታዳምጠኝ፣ እኔ ራሴ በቂ ፈጣን ነኝ። የባጃጅ ጥሩምባ ከሰማህ መንገድ ላይ ሆኜ ነው፣ ቁጭ ብዬ ማውራት ስላልቻልኩ ከመናኸሪያው እስከ አስፋልቱ ማዶ እየተመላለስኩ ነው። ሰውም እያየኝ ነው። ይየኝ!

ገዢው ይጠንቀቅ አልክ። እሺ፣ ከምኑ ልጠንቀቅ? ዕቃውን ስለማላውቀው አይደል እንዴ ወንድሜ ሻጩን የጠየቅኩት? ባውቀውማ እሱ ለምን ያስፈልገኛል? ከመደርደሪያ አውርዶ ለማቀበልማ መሰላል ይበቃኝ ነበር።

እውነቱን ልንገርህ? እኛ ሀገር ሱቅ ገብተህ ሁሉን ታገኛለህ፣ የማታገኘው አንድ ነገር «አላውቅም» የሚባለውን ነው። እሱ አልገባም፣ አልመጣም፣ አልቋል። ሻጭ ሁሉን ያውቃል። በተለይ የዕቃውን የትውልድ ሀገር። «ይሄ ምን ይሠራል?» ትለዋለህ፣ «የቱርክ ነው» ይልሃል። «ውሃ ያስገባል?» ትለዋለህ፣ «የቱርክ ነው አልኩህ እኮ!» ብሎ ይቆጣሃል። «ስንት ዓመት ያገለግላል?» ስትለው ደግሞ ዓይንህን እያየ «ኦርጅናል» ይልሃል። አሁን አስበው እስቲ፣ ሆድህን አሞህ ሐኪም ቤት ሄደህ፣ ሐኪሙ ሆድህን ሳይነካ «የጉራጌ ነው፣ ጠንካራ ነው» ብሎ ቢያሰናብትህ ምን ትላለህ? ሐኪሙ ምን ያድርግ ትላለህ?

አንተ አዲስ አበባ ቁጭ ብለህ ግማሹን ነው የሰማኸው። ከሥሩ ልንገርህና ከዚያ ፍረድ።

አጎትህ ጋሽ ሳህሌ እዚህ ወልቂጤ ላይ መጋረጃ ነበር የሚሸጡት፣ አይደል? እዚያው ሱቅ፣ እዚያው መደርደሪያ። ከዚያ አንድ ቀን መርካቶ ላይ አንድ ሙሉ ጭነት የጉዞና የአደን ዕቃ በደህና ዋጋ አገኙ። በቃ፣ በሳምንቱ መጋረጃው ወረደ፤ ድንኳን፣ ቦት ጫማ፣ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር፣ የጀርባ ሻንጣ ተሰቀለ። በሩ ላይ ትልቅ ባነር ተለጠፈ። በረዶ ውስጥ የቆመ፣ ቀንዱ ሜዳውን የሞላ አውሬ አለበት። ወልቂጤ ላይ በረዶ! ያንን አውሬ ማንም አያውቀውም። አላፊው አግዳሚው ቆም ብሎ ያየዋል፣ አንዳንዱ አጋዘን ነው ይላል፣ አንዳንዱ የፈረንጅ በሬ ነው ይላል። ብቻ ዕቃው ተቀየረ፣ ባነሩ ተቀየረ፣ ያልተቀየረው ዘሪሁን ነው።

ዘሪሁን ማለት ያ ረጅሙ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንደ ሐኪም የሚያንጠለጥለው ሰውዬ። ዕድሜውን ሙሉ መጋረጃ የሸጠ ሰው ነው። በመጋረጃማ አትምጣበት፣ ፕሮፌሰር ነው! የቤታችንን መጋረጃ እናቴ ከሱ ነው የገዛችው፣ እስካሁን ቀለሙ አልለቀቀም። ትሑትነቱስ? ስትገባ ከወንበሩ ይነሳል፣ ውሃ ይሰጥሃል፣ የቤተሰብህን ጤና አንድ በአንድ ይጠይቃል። የኔን አባት፣ ጡረታ የወጣውን መምህር፣ ዛሬም «የኔታ» ነው የሚለው። አቀባበል ላይ አንዲት እንከን የለበትም፣ ይጻፍልኝ። ግን ሰውዬው በሕይወቱ ድንኳን ውስጥ አድሮ አያውቅም። ተራራ ወጥቶ አያውቅም። ጋሽ ሳህሌ ደግሞ አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን፣ አጠገባቸው አስቀምጠው «ዘሪሁን፣ ይሄ ለዚህ ነው፣ ያ ለዚያ ነው» አላሉትም። ጭነቱን አራገፉ፣ ቁልፉን ሰጡት፣ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ።

ቡታጅራ ያለው ሱቃቸውስ የተለየ መሰለህ? አምና እዚያ የእጅ ባትሪ ገዛሁ። እንዴት ነው ቻርጅ የሚደረገው ብዬ ብጠይቃት ልጅቷ ለአፍታ እንኳ ሳታስብ «በፀሐይ ነው» አለችኝ። ሦስት ቀን ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደ በርበሬ አሰጣሁት። ጠዋት አወጣለሁ፣ ደመና ሲመጣ እሮጣለሁ፣ ማታ አስገባለሁ። በሦስተኛው ቀን የአከራያችን ልጅ ወስዶ ቂጡን ሲፈታው ባዶ ነው። ለካ የባትሪ ድንጋይ ነው የሚፈልገው። ፀሐይ ደግሞ ፕላስቲኩን አቅልጣው አረፈች።

«ታዲያ ለምን ተመልሰህ ሄድክ?» ልትለኝ ነው አሁን። አውቅሃለሁ። ስለቸገረኝ ነዋ!

የእናቴን ታላቅ፣ አክስቴ ብርቄን ታስታውሳታለህ፣ ቸሃ ያለችውን። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ አንዱ ልጇ ሐዋሳ፣ አንዷ ቤሩት፤ ቤቱ ውስጥ እሷና ጉልበቷ ብቻ ናቸው፣ ጉልበቷም ያማታል። ጓሮዋ ታችኛው ጫፍ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ አስራ አንድ የደረሱ እንሰቶች ነበሯት። የደረሱ ስልህ ስድስት ስድስት ዓመት የቆዩ፣ ዘንድሮ ሊፋቁና ለቆጮ ጉድጓድ ሊገቡ የተዘጋጁ። የሚመጣው ዓመት ቀለቧ እነሱ ናቸው። ከነሱ በላይ ያለው ገና ልጅ ነው፣ ዓመታት ይቀሩታል።

ከገደሉ ጫካ ከርከሮ መውጣት ጀመረ። ከርከሮ እንሰት ላይ ምን እንደሚሠራ አይተሃል? ሥሩን ቆፍሮ ትንሽ ይቀምስና ግንዱን ገንድሶት ወደሚቀጥለው ያልፋል። በልቶ ቢጠግብ እንኳ ምንም አልነበረ፣ ሁሉንም መቅመስ አለበት። የጎረቤቷን ጓሮ በሁለት ቀን አረሰው። የሰፈሩ ሰው መከረና ተስማማ፤ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ወጣቱ ውሻ ይዞ ጫካው ውስጥ ገብቶ ወንዙን አሻግሮ ሊያባርራቸው። አሠራሩን ልብ በልልኝ፣ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ ቤት አንድ ሰው ያወጣል። ያ ሰው የራሱ ጓሮ አጥር ላይ ይቆማል፣ ይጮኻል፣ ቆርቆሮ ይደበድባል። ከርከሮው ጫጫታውን ሲሰማ ፊቱን አዙሮ በወንዙ በኩል ይሄዳል። አንድ አጥር ላይ ሰው ከጎደለ ግን ያ አጥር በር ሆነ ማለት ነው፤ ሁሉም በዚያች በር ነው የሚነጉደው። ጎረቤት እንዳይሸፍንልህ ጎረቤትም የራሱን እየጠበቀ ነው።

አክስቴ ሮብ ዕለት ደወለች። ረጅም አላወራችም። «ቢኒዬ፣ የኔ ቤት ሰው አንተ ነህ» አለችኝ። ይኸው ነው።

እኔ ደግሞ ቸሃ ላይ ስም አለኝ። ጥሩ ስም አይደለም። አባቴ ከሰሜን የመጣ መምህር ስለሆነ «የአስተማሪው ልጅ» ይሉኛል። አንድ ክረምት በሸራ ጫማ ሄጄ ጭቃው ጫማዬን ውጦት በካልሲ ገብቻለሁ፤ እሱን እስከ ዛሬ ለእንግዳ ያወሩታል። ስለዚህ አሁን እንደ ሰው ተዘጋጅቼ እሄዳለሁ፣ ዝናብ የማያስገባ ጃኬት፣ የጭቃ ጫማ፣ ከርከሮው ከየት እንደሚወጣ ከሩቅ የማይበት መነጽር፣ እና ፊሽካ እይዛለሁ አልኩ። ሐሙስ ከሰዓት ዘሪሁን ጋ ሄድኩ።

ተነሳ፣ ውሃ ሰጠኝ፣ አባቴን ጠየቀ። የምፈልገውን ነገርኩት። ለምን እንደምፈልገው ሁሉ ነገርኩት፣ ስለ አክስቴ፣ ስለ ከርከሮው። ከልቡ አዘነ። ከዚያ ጃኬቱን አወረደ። አረንጓዴ፣ ቡኒ፣ ጥቁር ዝንጉርጉር። ናቲ፣ የወታደር ልብስ ይመስላል! ያኔውኑ ነው ክፉኛ የጠረጠርኩት። ዘሪሁን ይሄ ችግር አያመጣም ወይ አልኩት። ሳቀ። «የአደን ነው፣ ዲዛይን ነው» አለኝ። ዝናብስ? ስለው የጃኬቱን ጫፍ በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አደረገ፣ ወደ መስኮቱ ወስዶ ብርሃን አሳየው፣ ከዚያ በሙሉ ኩራት «ፀሐይ አያሳልፍም» አለኝ። ዝናብ ነው ያልኩህ እኮ ስለው «ስታጥበውም አይሸበሸብም» ብሎ ጨመረልኝ። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ትከሻዬን ለካና ርዝመቱ እስከ መሬት ካልሆነ ብርድ ያስገባል ብሎ ተጨነቀ።

መነጽሩን ዓይኔ ላይ አደረግኩት፣ ጉም ነው። ምንም አይታይም። እንዴት ነው የሚስተካከለው? አልኩት። «እየለመድከው ስትሄድ ይጠራል» አለኝ። ዓይኔ ነው የሚለምደው እንጂ እሱማ ደህና ነው ማለቱ ነው። ጫማውን ጠየቅኩት፣ «የቱርክ ነው»።

ፊሽካው ደግሞ፣ አትሳቅብኝ፣ ነፋሁት፣ ድምፅ የለውም። ሳንባዬ እስኪወጣ ነፋሁት። ፉፉፉ፣ ባዶ ንፋስ። ዘሪሁን ይሄማ ተበላሽቷል አልኩት። ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? «የሱ ድምፅ ቅርብ ላለ ሰው አይሰማም፣ ከሩቅ ነው የሚሰማው» አለኝ። እኔም ገዛሁት! አዎ ገዛሁት፣ እዚህ ላይ ጥፋተኛ ነኝ፣ ጻፍብኝ። ግን ሰውዬው ሲናገር የሚንቀጠቀጥ ነገር የለውም እኮ ናቲ፤ ፊቱን ብታየው ለመነጽሩም ለፊሽካውም አንተው ራስህ ምስክር ትሆንለታለህ።

ደረሰኝ ጻፈልኝ። አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት። አላነበብኩትም። ደረሰኝ የሚያነብ ሰው አይተህ ታውቃለህ?

ቅዳሜ ጠዋት ዝናቡ ይወርዳል። ጃኬቱን ለበስኩ፣ መነጽሩን አንገቴ ላይ አደረግኩ፣ አስራ ሁለት ተኩል ላይ የእምድብር ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። በሰላም ብደርስ ሁለት ሰዓት ላይ አክስቴ ቤት ነኝ። ከከተማ ወጣ ብለን ትንሽ እንደሄድን መንገዱ ላይ ገመድ ተወጥሯል፤ ፍተሻ። ውረዱ ተባልን፣ ወረድን። ሌላው ሰው ሁሉ መታወቂያ እያሳየ ያልፋል። እኔ ጋ ሲደርስ ሚሊሻው ቆመ። ጠና ያለ ሰው ነው፣ ፂሙ ሽበት የጀመረው፣ ባልደረቦቹ ሃምሳ አለቃ ይሉታል፣ ድሮ ወታደር ነበር መሰለኝ። ከላይ እስከ ታች አየኝ። ከየት አመጣኸው ይሄን አለኝ። ከሱቅ ገዝቼው ነው አልኩ። ይሄን የሚሸጥ ሱቅ አለ? አለኝ። አዎ፣ የአደን ነው፣ ዲዛይን ነው አልኩት የዘሪሁንን ቃል ሳልቀንስ። ምን ልታድን ነው? ከርከሮ ላባርር። በምን? ናቲ፣ እውነቱን ነው የነገርኩት። «በፊሽካ» አልኩት።

የሚኒባሱ ሰው በሙሉ ሳቀ። ሃምሳ አለቃ አልሳቀም።

ደረሰኝ አለህ? አለኝ። እፎይ አልኩ! አለኝ እንጂ፣ አልኩና ከኪሴ አውጥቼ በኩራት ሰጠሁት። አነበበው። እንደገና አነበበው። ወደኔ አዞረልኝ። ምን ይላል መሰለህ? «መጋረጃ፣ ባለ አበባ፣ አንድ»። ከሱ ሥር «የመጋረጃ ቀለበት፣ ሁለት»፣ ያ መነጽሩ መሆኑ ነው። የድሮውን የደረሰኝ ጥራዝ እኮ አልቀየሩትም! ጥራዙ ላይ የታተመው የመጋረጃ ዓይነት ብቻ ስለሆነ ዘሪሁን የሚቀርበውን እየፈለገ ምልክት ያደርጋል። ለዝንጉርጉር ጃኬት የሚቀርበው ባለ አበባ ሆኖ አገኘው። አሁን እኔ ኬላ ላይ የወታደር መሳይ ልብስ ለብሼ፣ ሩቅ ማሳያ መነጽር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ባለ አበባ መጋረጃ ነው የገዛሁት እያልኩ የቆምኩ ሰው ሆንኩልህ። አንተ ብትሆን ታሳልፈኝ ነበር? እኔ ራሴ አላሳልፈኝም!

ሃምሳ አለቃ ጨዋ ሰው ነው፣ አልጮኸብኝም። የሱቁን ስልክ ስጠኝ፣ ሻጩ «ሸጬለታለሁ» ካለኝ ትሄዳለህ አለኝ። ይሄማ ቀላል ነው። ደወለ፣ ድምፁን ከፍ አደረገው። ዘሪሁን በዚያ በትሑት ድምፁ አቤት አለ። ሃምሳ አለቃ ከፍተሻ ጣቢያ ነው የምደውለው፣ ቢንያም የሚባል ልጅ እንዲህ ያለ ጃኬት ከአንተ ገዝቷል ወይ አለው። የሱቁ በር ሲጢጥ ሲል ይሰማል። ከዚያ ዘሪሁን፣ ሐሙስ ዕለት ስለ ፊሽካ የማይሰማ ድምፅ ሲያስረዳኝ የነበረው ዘሪሁን፣ «አላውቀውም» አለ! «እኛ መጋረጃ ነው የምንሸጠው»።

በዚህ ዓለም ላይ በእርግጠኝነት የሚያውቀው አንድ ነገር እኔን ነበር። የአባቴን የደም ግፊት ሳይቀር ያውቃል። ያንን ነው የካደው።

ሚኒባሱ ጥሩምባውን ነፋ፣ ረዳቱ «ባለ መጋረጃው ይቅር!» ብሎ በሩን ዘጋ፣ ሄዱ። ሰዓቱ አንድ ከሩብ። ኃላፊው ሲመጣ ይወሰናል፣ ተቀመጥ አሉኝ። መቀመጥ! ያኔ የነበረኝን ሁኔታ ባየህ። ከገመዱ እስከ ዛፉ፣ ከዛፉ እስከ ገመዱ። አክስቴ ደወለች፣ መንገድ ላይ ነኝ አልኳት፤ ውሸት አይደለም፣ መንገድ ላይ ነበርኩ። ሁለት ሰዓት ሆነ። ሃምሳ አለቃን ለመንኩት፣ ጃኬቱ ይቅርና እኔ ልሂድ አልኩት። ሥራዬ ነው ወንድሜ አለኝ።

ከዚያ መነጽሩን ተቀበለኝ። አየበት፣ ጉም። ከመሃል ያለችውን ጎማ በአንድ ጣቱ ዞር አደረጋት፣ ከዚያ የቀኙን ዓይን ቀለበት ትንሽ ነካ አድርጎ መለሰልኝ። አየሁ። ናቲ፣ ማዶ ተራራ ላይ ያለች ፍየል ጢሟ ታየኝ! አስር ሰከንድ አልፈጀበትም። ጃኬቱን ገለበጠና ስፌቱን አሳየኝ፤ እዚህ ጋ ካልታሸገ ውሃ ይገባል፣ ይሄ ለንፋስ እንጂ ለዝናብ አይደለም አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሸሚዜ ከገላዬ ተጣብቋል። ጫማዬን አየ፣ ይሄ ሶል ለሲሚንቶ ወለል ነው፣ ጭቃ ላይ ይጥልሃል አለኝ። ፊሽካውንስ? ስለው ተቀብሎ ነፋው። ፉፉፉ። ትንሽ ቆየና ከማዶ ካለው ሰፈር ውሾች መምጣት ጀመሩ። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት፣ ጆሯቸውን አቁመው መጡና ፊታችን ተደረደሩ። የውሻ ነው ይሄ፣ ሰው አይሰማውም አለኝ፣ ወታደር ቤት ውሻ አሠልጣኝ አጠገብ ሠርቻለሁ አለኝ።

እስቲ አሁን ፍረድ። ከተማው ውስጥ ካለው የአደን ዕቃ ሱቅ ያላገኘሁትን ትክክለኛ መልስ ያገኘሁት ያሰረኝ ሰው ጋ ነው። ለምን እዚያ ሱቅ አትቀጠርም? አልኩት። ዘበኝነት ጠይቄ ነበር፣ የወረቀት ማስረጃ የለህም አሉኝ አለኝ፣ ውሾቹን በእጁ እየሸኘ።

ኃላፊው አራት ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። ደረሰኙን አይቶ ሳቀ፣ ውሾቹን አይቶ ሳቀ፣ ጃኬቱን መዝግቦ ወሰደና ሂድ አለኝ። ሄድኩ። እምድብር ወርጄ በእግር እየሮጥኩ፣ ጫማው ልክ ሃምሳ አለቃ እንዳለው አራት ጊዜ ጥሎኝ፣ ስድስት ሰዓት አልፎ ደረስኩ።

ያገኘሁትን ባልነግርህ ደስ ይለኝ ነበር። ሦስት ሰዓት ላይ የሰፈሩ ወጣቶች ውሾቻቸውን ለቀቁ። ሁሉም አጥሩ ላይ ቆመ። እኔ ስቀር አክስቴ ዱላዋን ተደግፋ ያንን ቁልቁለት ወርዳ ራሷ ቆመች፣ የድስት ክዳን በማንኪያ እየመታች። አንዲት ሴት፣ በዚያ ጉልበት፣ ያንን ሁሉ አጥር! ከላይኛው ጫፍ ስትመታ ከርከሮዎቹ በታችኛው ገቡ። ወደ ታች እስክትደርስ አልፈው ሄደዋል። የመጡት ስምንት ይሁኑ አስር እሷም አልቆጠረችም። ከአስራ አንዱ እንሰት ሁለቱ ቆመዋል። የቀረው ግንዱ ተጋድሞ፣ ሥሩ ተዘርግፎ፣ ጭቃውና ነጩ አንድ ላይ ተቦክቷል።

የሰፈሩ ልጆች አጥሩ ላይ ተደርድረው ያዩኛል። አንዱ «የአስተማሪው ልጅ፣ አደኑን በቮይስ ልከኸው ነበር እንዴ?» አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ተያይዘን እንወድቅ ነበር። ያን ቀን አንገቴን ደፍቼ አለፍኳቸው።

አክስቴስ ምን አለች? ብትሰድበኝ እኮ ይሻለኝ ነበር። «ዝናቡ መታህ እንዴ የኔ ልጅ? ግባ፣ ልብስ ቀይር» ብላ የሟች ባሏን ሹራብ አወጣችልኝ። እሳቱ አጠገብ አስቀምጣኝ ስለ እናቴ ጠየቀችኝ። ኋላ ስወጣ ነው ያየኋት፤ በትንንሾቹ እንሰቶች መሃል ቆማ በእጇ እየለካች ነው። ዓመት የሚቀራቸውን፣ ሁለት ዓመት የሚቀራቸውን፣ የትኞቹን ያለ ዕድሜያቸው እንደምትቆርጥ እየመረጠች። ገባህ ናቲ? የዘንድሮው ብቻ አይደለም የሄደው። የሚመጣውንም፣ የሚቀጥለውንም አሁኑኑ ልትበላው ነው።

ሰኞ ዘሪሁን ጋ ሄድኩ። ልጮኽበት ነበር የሄድኩት፣ መንገድ ላይ ስድቡን ሁሉ ደርድሬ ነበር። ገና በሩ ላይ ሲያየኝ ተነሳ፣ ውሃ አመጣልኝ። «ፍተሻ ጣቢያ ሲሉኝ ሱቁ የሚዘጋ፣ እኔም እንጀራዬ የሚቆረጥ መሰለኝ» አለኝ። ስለ እንሰቱ ስነግረው ዓይኑ እንባ አቀረረ። ይሄን ሰውዬ ምን ትለዋለህ? አላውቅም ብሎ ገዢ ቢያጣ ጋሽ ሳህሌ ይቆጡታል፤ አውቃለሁ ብሎ ሲሸጥ ይኸው ሰው ይጎዳል። በሱ መናደድ አቃተኝ። ንዴቱ ግን የሚወጣበት ይፈልጋል፣ ባለቤት ይፈልጋል፣ ባለቤቱን ደግሞ አሁን ታውቀዋለህ።

ቆይ፣ ቴክስት ገባ። አንተ ነህ። እያወራሁህ ትጽፋለህ እንዴ? ቆይ ላንብበው... «አጎቴ አዝነዋል። ሌላ ጃኬት ደስ ያለውን ይምረጥ፣ በነፃ ነው ብለዋል»።

ሌላ ጃኬት።

እሺ። ናቲ፣ አንተ ከዚህ በኋላ ዞር በል፣ ስልኩን ለአጎትህ ስጥልኝ። ድምፁን ከፍ አድርገው። ጋሽ ሳህሌ፣ እኔ ቢንያም ነኝ፣ የመምህሩ ልጅ፣ እንደ አባቴ ነው የማከብርዎት፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎትና ልዝጋ። እሺ፣ መረጥኩ፣ ጃኬቱን ተቀበልኩ፣ ዛሬውኑ ለአክስቴ ወሰድኩላት፣ እሷም ወርዳ ዘጠኙ እንሰት የተገነደሰበት ቦታ ላይ ተከለችው እንበል። እንግዲህ ዕቃው የእርስዎ ነው፣ ከእርስዎ በላይ የሚያውቀው የለም፤ ይንገሩኛ ጋሽ ሳህሌ፣ ጃኬት ከተተከለ በስንት ዓመቱ ነው ለቆጮ የሚደርሰው?